በርሜሉ ለዓሣ ዓመት፣ ለጎመን ሳምንት

ዓሣ አረባለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መቼ ነው የሚደርሱት?» ብሎ ነው። ለመጥበስ ማለቱ ነው። የእኔዎቹ ጉፒ ናቸው፣ ትልቁ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። አከራዬ (እማማ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው) መጀመሪያ ቀን መስታወቱ ፊት ቆመው ረዘም ላለ ጊዜ አዩና «እነዚህማ ለጾምም አይሆኑ» ብለው ወጡ። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር እኛ ግቢ የተዘጋው በዚህ መልክ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ዓሣዎቹ ሳይሆን ስለ ዝናብ ውሃ ነው። ዝናብ ማቆር የጀመርኩት በእነሱ ምክንያት ስለሆነ እነሱን ዘልዬ መጻፍ አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ውስጥ በፈረቃ ውሃ የኖረ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። እኛ ሰፈር የሚመጣው ሌሊት ነው፣ የሚሄደውም ሌሊት ነው። መጀመሪያ ከቧንቧው አየር ይወጣል፣ ፉጨት የመሰለ ነገር፣ ያንን ፉጨት እማማ ከእንቅልፋቸው መሃል ይሰሙታል። «ውሃ መጣ!» ሲሉ ግቢው በሙሉ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል። ወረፋ አለ። መጀመሪያ የመጠጥ፣ ከዚያ የምግብ፣ ከዚያ የልብስ። እዚያ መሃል ቆሞ «ይቺ ጀሪካን ለዓሣዎቼ ናት» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ሌሊት ከኋላዬ የቆመችው ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ዝም አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አኳሪየሜ 60 ሊትር ይይዛል። በየሳምንቱ አንድ አምስተኛውን፣ 12 ሊትር ማለት ነው፣ ቀድቼ አውጥቼ በንጹህ ውሃ መተካት አለብኝ። ዓሣ የሚተነፍሰውም የሚጸዳዳውም እዚያው ነው፣ ካልቀየርክለት በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። 12 ሊትር ብዙ አይደለም። ለሦስት ቀን ውሃ ጠፍቶ ስትቆይ ግን ብዙ ነው።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት በር ላይ ቆሜ ዝናቡን እያየሁ ነበር። የማድቤቱ ቆርቆሮ ጫፍ ላይ ያለችው አጭር አሸንዳ መያዝ አቅቷት ውሃውን እንደ መጋረጃ ትለቀዋለች። እኔ ሌሊት የምሰለፍለት ውሃ በጠራራ ቀን በደጃፌ አልፎ ቦይ ውስጥ ይገባል። ያኔ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ስልክ እንኳን አያስፈልገውም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የማድቤቱ ጣሪያ አራት በአምስት ነው፣ 20 ካሬ። 10 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ አንድ ጥሩ የከሰዓት ዝናብ 200 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው፤ የሚረጨውንና የሚፈሰውን ቀንሰህ 160፣ 170 ያህል በእጅህ ይገባል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። ከዚች ከጠበበች ማድቤት ጣሪያ ብቻ በዓመት ከ15 ሺህ ሊትር በላይ! ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ።

በዚያ ሳምንት በርሜል ፍለጋ ወጣሁ። ሮቶ የሚገዛ ገንዘብ አልነበረኝም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የማይሸጥ ዕቃ የለም፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜልም ሞልቷል። ዋጋውን አልጽፈውም፣ እስክታነቡት ይቀየራል። የምመክራችሁ ዋጋውን ሳይሆን ሽታውን ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ጭንቅላታችሁን አስገቡ። ሻጩ «የዘይት ነው» ይላችኋል፣ ሁሉም የዘይት ነው። አንዱን ከፍቼ ሳሸት ዓይኔ እንባ አወጣ፣ ሻጩ ግን ፊቱን እንኳን ሳይለውጥ «ታጥቦ ነው ትንሽ የቀረው» አለኝ። የዘይት በርሜል የዘይት ሽታ አለው፣ በእጅህ ስትነካው ያሙለጨልጫል፣ በሞቀ ውሃና በሳሙና ሦስት አራት ጊዜ ሲታጠብ ይለቃል። የኬሚካል ከሆነ የፈለገ ቢረክስ አትንኩት።

የአሸንዳውን ጫፍ በአንድ ጎሚቶ (ጥምዝ የቧንቧ መገጣጠሚያ) እና በሁለት ሜትር ቱቦ ወደ በርሜሉ አዞርኩት። የበርሜሉን አፍ በአራት የታጠፈ አሮጌ ነጠላ ሸፍኜ በገመድ አሰርኩ። ነጠላው የእማማ ነው። «ለምንድነው?» ሲሉኝ «ውሃ ለማጥለል» አልኳቸው፣ «እኛም ድሮ እንዲሁ ነበር» ብለው ሰጡኝ። ከታች ለመቅጃ ቧንቧ አስገጠምኩ። ባልዲ ከቧንቧው ሥር እንዲገባ በርሜሉን አራት ብሎኬት ላይ አወጣሁት።

ጥፋቴ ብሎኬቱ ነበር። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፣ ሁለት ኩንታል። ሁለት ኩንታል ጤፍ በአራት ብሎኬት ላይ፣ ያውም ክረምት በጠጣው ጭቃ ላይ አታቆምም፣ ውሃ ሲሆን ግን ክብደቱ አይታሰብህም። በአምስተኛው ሌሊት አንዱ ብሎኬት ሰጠመ፣ በርሜሉ ዘንበል አለ፣ ከዚያ ግቢውን የሚያናውጥ ድምፅ። ሰው ሁሉ ወጣ። የእማማ የመጀመሪያ ቃል «ልጆቹ!» ነበር። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ማንም አልተጎዳም። ይህ ቀን ላይ፣ ልጆቹ እዚያ ሲጫወቱ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። አሁን በርሜሉ ያለው በተደለደለ ጠጠር ላይ በፈሰሰ ኮንክሪት ላይ ነው፣ ከፍታውም ከጉልበት አይበልጥም። በጆግ ጎንበስ ብሎ መቅዳት ማንንም አይገድልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረሳው ነገር የመጀመሪያው ውሃ ነው። ጣሪያ ላይ ከመስከረም እስከ ሰኔ ምን እንደሚከማች አስቡት፦ አቧራ፣ የመኪና ጭስ፣ የቁራ ኩስ። ለእኛ ደግሞ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ቅጠል አለ፣ ዘይቱ አሸንዳ ውስጥ ከራሰ ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል። ስለዚህ የሰኔን የመጀመሪያ ዝናቦች እንዳሉ ለቦዩ መተው ነው። ከዚያም በኋላ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ቱቦውን ከበርሜሉ አውጥቼ አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ውጭ አስፈስሰዋለሁ። ይህን በራሱ የሚያደርግ ቱቦ ከኳስ ጋር የሚገጥሙ አሉ፣ ጎበዞች ናቸው። እኔ ጃንጥላ ይዤ እወጣለሁ። ሥራ ላይ ከሆንኩ እማማ «ልጄ፣ ላስገባው?» ብለው ይደውሉልኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። የመጀመሪያው በርሜል ሲሞላ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ውሃው ኩልል ያለ ነው፣ የቧንቧው ግን አንዳንዴ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከሰማይ የመጣን ውሃ የመሰለ ለዓሣ ምን አለ ብዬ ከአኳሪየሙ ግማሹን አውጥቼ በዝናብ ውሃ ሞላሁት። በሳምንቱ ደገምኩት። በሁለተኛው ሳምንት ዓሣዎቹ ክንፋቸውን ሰብስበው አንድ ቦታ ላይ ቆመው መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ እየዋኙ ያሉ ይመስላል ግን አይሄዱም። ከዚያ አንድ በአንድ ጎናቸው ላይ ተኙ። አሥራ አንድ ጉፒ።

ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የዝናብ ውሃ ንጹህ ነው፣ ችግሩም ንጽህናው ነው። ባዶ ነው። የጉድጓድ ውሃ ዓለት መሃል ሲቆይ ማዕድን ይይዛል፣ ለዚህ ነው በአንዳንዱ ሰፈር ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገረው። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ የሚመጣው የግድብ ውሃ ነው፣ ከአቃቂ የሚመጣው ግን ከጉድጓድ፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥም ውሃው በሰፈር ይለያያል። ዝናብ ደግሞ ምንም የለውም። ከአየር የወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ አለው፣ እሱም ትንሽ አሲድ ያደርገዋል፣ የንጹህ ዝናብ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል) 5.6 አካባቢ ነው። አኳሪየም ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ የሚሰባብሩት ባክቴሪያዎች ሲሠሩ አሲድ ያመርታሉ። በማዕድን የዳበረ ውሃ ያንን አሲድ ይችለዋል። ባዶ ውሃ አይችልም፣ ፒኤቹ ይወርዳል፣ አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ይወድቃል። ጉፒ ደግሞ ማዕድን ያለበትን ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ኒዮን ቴትራ የሚባሉት ዓሣዎች ቢሆኑ ኖሮ ያመሰግኑኝ ነበር፣ የእነሱ አገር የአማዞን ወንዞች ውሃ ለዝናብ የቀረበ ነው። እኔ ግን የያዝኩት ጉፒ ነው።

ሌላም ጥፋት ነበረኝ። ብርድ። የሐምሌን ውሃ ከበርሜል ቀድተህ እጅህን ስታስገባ ጣትህ ይደነዝዛል፣ ጉፒ የሚፈልገው ከ22 ዲግሪ በላይ ነው። አሁን ከምሽቱ ባልዲውን ቤት አስገብቼ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ከማንቆርቆሪያ ትንሽ ሙቅ ጨምሬ እጄን አስገብቼ እለካዋለሁ። የሕፃን ገላ እንደሚታጠብበት ዓይነት፣ ከዚያ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ በግማሽ ነው የማደርገው፦ 6 ሊትር ዝናብ፣ 6 ሊትር ቧንቧ። የቧንቧውን ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ክፍት አድርጌ አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ። የታጠበ የእንቁላል ቅርፊት ደቁሼ በነጠላ ቁራጭ ቋጥሬ ማጣሪያው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ቀስ ብሎ እየሟሟ ማዕድን ይሰጣል። ወረቀት የሚነክሩበት የፒኤች መለኪያ የዓሣ ዕቃ ከሚሸጡት ጋ ይገኛል፣ ያንን አትሰስቱ፣ እኔ ከአሥራ አንድ ሬሳ በኋላ ነው የገዛሁት።

ስለ ቆርቆሮም ልናገር። አብዛኛው ቆርቆሯችን ዚንክ የተቀባ ነው፣ አሲድነት ያለው ዝናብ ከላዩ ትንሽ ትንሽ ዚንክ ያሟማል። ለጎመን ግድ የለውም፣ ዓሣ ግን ዚንክ አይወድም፣ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ የያዘ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ። አዲስ ቆርቆሮ ያስመታችሁ ዓመት ለዓሣ አትቅዱ። ቀለሙ የተፈረፈረ ጣሪያም እንደዚሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዓሣ ነው። አትክልቱ ሌላ ታሪክ ነው፣ እውነቱን ለመናገር የተሞኘሁትም በእሱ ነው።

ግቢው ጥግ ላይ ስድስት ካሬ የምትሆን መሬት እማማ ሰጥተውኛል። ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ጥቂት ቲማቲም። በርሜሉ ሲሞላ «በቃ፣ አትክልቱም ተገላገለ» ብዬ ነበር። ግን ሐምሌ ላይ ጎመን ማን ውሃ ያጠጣል? ሰማዩ ራሱ ያጠጣዋል፣ እንዲያውም ያሰጥመዋል። ውሃ የሚፈልገው ኅዳር ላይ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጥር ላይ። ያኔ ስድስት ካሬ በቀን 25 ሊትር ያህል ይጠጣል። 200 ሊትሩ ስምንት ቀን። የክረምቱን ጥጋብ በሙሉ ያሳለፈ በርሜል በስምንት ቀን ታጥቦ ተገለበጠ። 15 ሺህ ሊትር ብዬ የፎከርኩት ጣሪያው ላይ እንጂ ቤቴ ውስጥ የለም።

አጎቴ ሰሜን ሸዋ ነው የሚኖረው። ይህን ስነግረው ስቆ ሊሞት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበሬው ውሃ እንዲያቁር ሲቀሰቀስ እሱም ላስቲክ ያነጠፈ ኩሬ ቆፍሮ ነበር። ኩሬው በመጀመሪያው ክረምት ሞላ። ሰዉ እየመጣ አየው። ከዚያ ጥጃ ገባችበት፣ ላስቲኩን በሰኮናዋ ቀደደችው፣ ገና በጥቅምት ጭቃ ብቻ ቀረ። «ዝናቡንማ ሁሉም ይይዘዋል» ነው ያለኝ፣ «አቆይ ሲሉህ ነው ጉዱ።»

መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ የጅግጅጋ ልጅ አለ። እሱ ደግሞ የእኔን በርሜል በስልክ ሳሳየው «ይቺ ምንድናት?» አለኝ። እነሱ ጋ ብርካ አለ፣ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጎርፉ ገብቶ የሚጠራቀምበት፣ ሰውም ከብትም በጋውን የሚያሳልፍበት። የዝናብ ውሃ ነገር ለእነሱ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። ትንሽ አፈርኩ፣ ግን ትክክል ነው። እኔም ቦታና ገንዘብ ቢኖረኝ ሮቶ ሳይሆን ብርካ ነበር የምሠራው።

እናም ሒሳቡን ገልብጬ አየሁት። ለዓሣ የማወጣው የዝናብ ውሃ በሳምንት 6 ሊትር ብቻ ነው። ክረምት መስከረም 25 ቢወጣና ሰኔ 26 ቢገባ፣ መሃሉ 39 ሳምንት ነው፣ 234 ሊትር። አንዱ በርሜል ትንሽ ይጎድለዋል፣ የበልግ ዝናብ ግን መሃል ገብቶ ይሞላዋል። ማለትም ለጎመን ከሳምንት ብዙም የማያልፈው በርሜል ለዓሣ ዓመቱን ይዘልቃል። በርሜሉን ለጎመን ማዋል ትቻለሁ። አሁን ጎመኑ የሚጠጣው ከአኳሪየሙ የሚወጣውን ነው። በየሳምንቱ የምቀዳው 12 ሊትር ቢጫ ቢጤ ውሃ፣ የዓሣ ቆሻሻ ያለበት፣ ለአፈር ማዳበሪያ ነው። ስድስት ካሬውን አያጠግብም፣ ለበሶብላውና ለሁለት የጎመን ተክል ግን ይበቃል፣ እነዚያ ሁለቱም ከሌሎቹ ተለይተው ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ውሃውን በጎማ ስቤ ሳወጣ አንዳንዴ አፌ ይገባል። ስለ ጣዕሙ አልናገርም።

ትንኝን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ነጠላው አንድ ቀን በንፋስ ተገልጦ ሰንብቶ ኖሮ ክዳኑን ስከፍት ላዩ ላይ ቀጫጭን የሚወዛወዙ ነገሮች ሞልተዋል፣ የትንኝ እጭ። በማንኪያ ለቅሜ ለጉፒዎቹ ሰጠኋቸው፣ እንደዚያ ሲሯሯጡ አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከትንኝ በሽታ ስለሚጠብቃት ነገሩ መሳቂያ ሆኖ አለፈ። ቆላ ያላችሁ ግን አትሳቁ። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ሲነሳባት አስተላላፊዋ ቀን የምትናከሰው፣ ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ላይ የምትፈለፈለው ትንኝ ናት። ክዳን ከሌላችሁ በርሜሉ ቢቀር ይሻላል።

እማማ ከበርሜሉ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የነጠላና የሻሽ ማጠቢያቸው ከዚያ ነው። ሳሙናው በዝናብ ውሃ ቶሎ ያረፋል፣ ነጩም ነጭ ይሆናል፣ ይህን ያወቁት እኔ ስለ ማዕድን ሳልለፈልፍላቸው በፊት ነው። ፀጉራቸውንም ይታጠቡበታል። አንዳንዴ ሲቀዱ «ለዓሣዎቹ ቀረላቸው?» ይሉኛል፣ ያ ጎረቤቴ ካለች ጮክ ብለው።

ባለፈው ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ጠዋት መጡና በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ዛሬ ቱቦህን ንቀለው።»

በዚያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው። የግቢው ልጆች ድሮም ከማድቤቱ አሸንዳ ሥር ነው የሚቆሙት፣ እኔ ደግሞ አሸንዳውን በጎሚቶ ወደ በርሜል አዙሬዋለሁ። «እማማ፣ በርሜሉ እኮ ሙሉ ነው፣ ከሱ ልቅዳልዎት» አልኳቸው።

«የበርሜሉማ የዓሣ ነው» አሉ።

ነቀልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠቆረ፣ ከዚያ ወረደ፣ መጀመሪያ በረዶ ቀላቅሎ። አራት ልጆች ራቁታቸውን ከአሸንዳው ሥር እየተገፋፉ ይጮሃሉ። እማማ በጣሳ ተቀብለው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ጉልበታቸውን ቀቡ፣ ከዚያ ዞረው አዩኝ።

«አንተስ? ምን ትጠብቃለህ?»

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ውሃ ቆሻሻ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ተውኩት፣ ጫማዬን አወለቅኩ።